የፍኖተ ሐሊብ የማግኔት ካርታ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ያቀረቡት ንግግር)



ኮምፓስ በእጃችን ስንይዝ መርፌው ሰሜንን ያመለክተናል፤ ይህም የመሬት የማግኔት ኃይል ሥራ ነው። ዳሩ ግን በጨለማ ሌሊት እንደ ፈሰሰ ወተት ሆኖ የምናየው ፍኖተ ሐሊብ፥ ማለት ፀሐያችን ያለችበት የከዋክብት ጭፍራ፥ የራሱ የማግኔት ኃይል አለው። ኃይሉም ከመሬት ማግኔት መቶ ሺህ ጊዜ ያህል የደከመ ነው። ታዲያ ሰው ኮምፓስ ይዞ ሊደርስበት በማይችል ስፍራ ይህን እንዴት ለካው?

መልሱ ፑልሳር ከተባሉት ከዋክብት ተገኘ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1967 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የ24 ዓመት ተማሪ የነበረችው ጆስሊን ቤል፥ የራዲዮ ቴሌስኮፑ በወረቀት ላይ ያሰመረውን አንድ ትንሽ ምልክት ሳትንቅ በመከታተሏ የመጀመሪያውን ፑልሳር አገኘች። ፑልሳር እጅግ የታመቀ ኮከብ ነው፤ እየተሽከረከረ እንደ ወደብ መብራት የራዲዮ ሞገድ በየጊዜው ይልክልናል።

ከሩቅ አገር የመጣ መንገደኛ ዝም ቢል እንኳ የእግሩ ጭቃ ያለፈበትን መንገድ ይናገራል። የፑልሳር ሞገድም ሁለት ምስክሮች ይዞ ይመጣል። አንደኛው መዘግየት ነው፤ በከዋክብት መካከል ያሉት ኤሌክትሮኖች ረጅሙን ሞገድ ከአጭሩ ይልቅ ያዘገዩታል፤ የመዘግየቱም ልክ የኤሌክትሮኖቹን ብዛት ያስታውቃል። ሁለተኛው መጠምዘዝ ነው፤ ኤሌክትሮኖችና ማግኔት ባንድነት ሞገዱ የሚርገበገብበትን አቅጣጫ ያዞሩታል። ይህን ነገር ማይክል ፋራዴይ በ1845 ብርሃንን በመስተዋት ውስጥ አሳልፎ ደርሶበታል። እንግዲህ መጠምዘዙ ለመዘግየቱ ሲካፈል በመንገዱ ያለው የማግኔት ኃይል አማካይ ይገኛል፤ የዞረበትም ወገን ኃይሉ ወደ እኛ የሚያመለክት ወይም ከእኛ የሚርቅ መሆኑን ያሳያል።

አንድ ፑልሳር የሚነግረን ስለ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ብዙዎቹ ሲሰበሰቡ ግን ካርታ ይሆናሉ። በ2019 ማእከሉ በኔዘርላንድ በሆነው ሎፋር በተባለው ቴሌስኮፕ የ137 ፑልሳሮች መጠምዘዝ መለካቱ ታውጇል። ከፀሐይ ወደ ፍኖተ ሐሊብ መካከል ሲቀረብም የኃይሉ አቅጣጫ ተገልብጦ ይገኛል።

ጥቅሙ ምንድር ነው የሚል ቢኖር፥ ከሩቅ ሰማይ የሚመጡት የኮስሚክ ጨረሮች በዚሁ ማግኔት መንገዳቸው ይጎብጣል፤ ስለዚህ ያለ ካርታው መነሻቸውን መለየት ያስቸግራል። ካርታውም ገና አልተፈጸመም።

በ1974 ስለ ፑልሳር መገኘት የኖቤል ሽልማት ሲሰጥ ጆስሊን ቤል አልተካፈለችም። በ2018 ግን ሦስት ሚሊዮን ዶላር ሌላ ሽልማት ባገኘች ጊዜ፥ ገንዘቡን ፊዚክስ ለመማር ዕድል ላነሳቸው ተማሪዎች ሰጠች። እኛም ትንሹን ምልክት ባንንቅ፥ ከዚህ ካርታ የቀረውን የሚሞላ ከመካከላችን አይጠፋም።