ውድድርን መተው ጨዋታን መተው አይደለም
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ለተሰበሰቡ ወላጆችና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ጨዋታ ነው። በእንዲህ ያለ የክብር ቀን ስለ ዕውቀት መናገር ይሻል ነበር የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከዚህ ግቢ ስንወጣ፣ ከደብተሩ ጋር ኳሱንም ሜዳውንም ትተን የምንሄድ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ቀላል መስሎ አልታየኝም። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ሰው ውድድርን ሲያቆም ጨዋታንም ማቆም አለበትን?

ለዚህ ምሳሌ የማቀርብላችሁ ቦቢ ጆንስ የሚባለውን የአሜሪካን ጎልፍ ተጫዋች ነው። ጎልፍን አይቶ የማያውቅ ሰው የእኛን ገና ያስብ። በሁለቱም ጫፉ በታጠፈ ዱላ ኳስ ይመታል፤ በጎልፍ ግን ኳሱን የሚሻማ ባላጋራ የለም። ተጫዋቹ ትንሿን ኳስ እየመታ በሰፊ መስክ ላይ ወዳሉት 18 ጉድጓዶች በየተራ ያስገባል፤ በጥቂት ምት የጨረሰም ያሸንፋል። ጥፋቱን ብዙ ጊዜ የሚያየው ራሱ ብቻ ስለ ሆነ፣ ጨዋታው ትዕግሥትንና እውነተኛነትን ይጠይቃል።

ጆንስ በ1902 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አትላንታ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ ሕመምተኛ ነበር። ቤተ ሰቦቹ በጋውን በጎልፍ ሜዳ አጠገብ ያሳልፉ ስለ ነበር፣ ትልልቆቹን እያየ በጨዋታ መልክ መምታት ለመደ። በ14 ዓመቱም ለአገሩ ሻምፒዮና ቀረበ። ከዚያ ወዲያ ግን ጨዋታው ሸክም እየሆነበት ሄደ። ምቱ ሲበላሽ ዱላውን ይወረውር ነበር፤ በ1921 በስኮትላንድ፣ በሴንት አንድሩስ ሜዳ በተደረገው ታላቅ ውድድር፣ ነገሩ አልሆንልህ ቢለው ኳሱን አንሥቶ በመካከሉ አቋረጠ።

በኋላ ቁጣውን ገዛ። በ1925 በአሜሪካን ታላቅ ውድድር ላይ ኳሷ ንቅንቅ ስትል ከእርሱ በቀር ያየ ሰው አልነበረም፤ እርሱ ግን በራሱ ላይ አንድ ምት አስቆጠረ። ስለዚህ ከሌላው ተጫዋች ጋር እኩል ወጣና በመለያው ግጥሚያ ተሸነፈ። ሰዎች ባመሰገኑት ጊዜ፣ ይህ ባንክ ያልዘረፈን ሰው እንደ ማመስገን ነው ብሎ መለሰ ይባላል።

ከ1923 እስከ 1930 ድረስ 13 ታላላቅ ዋንጫዎችን አገኘ። በ1930 ደግሞ በዚያ ዘመን ከሁሉ የሚበልጡትን አራት ውድድሮች፣ ሁለቱን በብሪታንያ፣ ሁለቱን በአሜሪካን፣ በአንድ ዓመት አሸነፈ። የኒውዮርክ ሕዝብ በአደባባይ ተቀበለው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር፣ ገና የ28 ዓመት ሰው ሳለ፣ ውድድር አቆምኩ አለ። በውድድር ቀን ምግብ አይረጋለትም፣ ክብደቱም ይቀንስ ነበር። እስከዚያ ድረስ የተጫወተውም ለገንዘብ አልነበረም፤ ሥራው ጥብቅና ነበር። እንዲህ ያለው ተጫዋች አማተር ይባላል፤ የቃሉም ሥር ፍቅር ማለት ነው።

ታዲያ ጆንስ ጎልፍን ተወን? አልተወም። በኦገስታ ከተማ ከአንድ የሜዳ ነዳፊ ጋር ሆኖ አዲስ ሜዳ አቋቋመ። (የዚያ ክበብ በር እስከ 1990 ድረስ ለጥቁር አባላት ዝግ ስለ ነበር፣ ሜዳውን ስጠራ በሩን ማመስገኔ አይደለም።) ከ1934 ጀምሮ በዚያ በሚደረገው ግጥሚያ እርሱም ከወዳጆቹ ጋር ይጫወት ነበር። ቀድሞ የሚረታው የጠፋ ሰው፣ በዚህ ግጥሚያ ከ13ኛ በላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ቢሆንም ሕመም እስኪያስቀረው ድረስ ተመላለሰ።

በ1936 ደግሞ ያንጊዜ ኳሱን አንሥቶ ወደ ወጣበት ወደ ሴንት አንድሩስ ሄደ። ሐሳቡ ከጥቂት ሰዎች ጋር በጸጥታ ለመጫወት ነበር። የከተማው ሕዝብ ግን መምጣቱን ሰምቶ፣ ሱቁን እየዘጋ፣ በሺሕ እየሆነ ወጥቶ ተከተለው። በዚያ ቀን ዋንጫም ሽልማትም አልነበረም፤ የነበረው አንድ ሰው በደስታ ሲጫወት ማየት ብቻ ነው። በ1958 ከተማዋ የክብር ዜግነት ስትሰጠው፣ በሕመም ምክንያት መጫወት ካቆመ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር።

በእኛ ዘመንም አሽሊ ባርቲ የምትባል የአውስትራልያ ቴኒስ ተጫዋች በ2014፣ ልክ በእኔ ዕድሜ በ18 ዓመቷ፣ ቴኒስን ተወች። ክሪኬት ወደሚባለው ጨዋታ ገብታ ከጓደኞች ጋር በቡድን ተጫወተች። በ2016 ተመልሳ በ2019 የፈረንሳይን፣ በ2021 የዊምብልደንን፣ በ2022 የአገሯን ዋንጫ ወሰደች። በዚያው ዓመት ከዓለም አንደኛ ሳለች በፈቃዷ ተሰናበተች፤ አሁን ለደስታዋ ጎልፍ ትጫወታለች።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም እንዲህ ማድረግ አይችልም። እናትና አባቱን በሩጫው የሚጦር አትሌት ሩጫው ደስ አላሰኘኝም ብሎ ቢያቆም እንጀራው ይቋረጣል። ለእርሱ ውድድር ሥራ ነው፤ ሥራም ይከበራል። ደግሞም ጆንስን ትዕግሥት ያስተማረው ራሱ ውድድሩ ነው። ስለዚህ ውድድር ይጥፋ አልልም። የምለው፣ ውድድር የጨዋታ አንድ ክፍል እንጂ ጌታው አይሁን ነው።

እስቲ ወደ ራሳችን እንመልከት። ከአንድ ክፍል ለቡድን የሚመረጡት 11 ናቸው፤ የቀረው ከመስመር ውጭ ቆሞ ያጨበጭባል፤ ከጥቂት ዓመትም በኋላ ጨዋታ ለእኔ አልተፈጠረም ብሎ ያምናል። የተመረጡትም ቢሆኑ ከዚህ ሲወጡ የሚሸልማቸው ስለሌለ ጫማቸውን ይሰቅላሉ። አባቶቻችን ግን ገናን ሲጫወቱ ተመራጭና ተመልካች አልነበራቸውም፤ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይጋፉ ነበር፤ ጌታውም ቢመታ አይቀየምም ነበር።

ስለዚህ ክቡር ዲሬክተርን አንድ ነገር እለምናለሁ። በየዓመቱ በዚህ በዓል ዋዜማ፣ ወጪዎቹና ያሉት ተማሪዎች፣ መምህራንም ጭምር፣ ያልተመረጡትም ገብተው፣ ዋንጫ የሌለው ጨዋታ ይደረግልን። ማን እንዳገባ አይጻፍ። እኛም ከያለንበት ለመምጣት ቃል እንገባለን።