የከተማው ጠባቂ
ስለ ራስ አበበ አረጋይ መታሰቢያ በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ጉባኤ ላይ የተነገረ ቃል



የኢዮቤልዩ በዓል ሲከበር ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው፣ ስለ ተፈጸመው መልካም ነገር እግዚአብሔርን ማመስገን ነው። ሁለተኛው፣ ይህ ቀን እንዲደርስ ደክመው ቀኑን ሳያዩ ያለፉትን በስማቸው ማሰብ ነው። ቤተ ክርስቲያን በቀዳሽና በአወዳሽ ብቻ አትጸናም፤ ሌሊት በደጇ የሚያድር፣ በሯን የሚዘጋና የሚከፍት፣ ሌባ ሲመጣ የሚጮህ ሰውም ያስፈልጋታል። አገርም እንደዚሁ ነው። ንጉሥ፣ ዳኛና ነጋዴ ቢኖሩትም፣ ሌሊት የሚነቃለት ጠባቂ ከሌለው ሊያድር አይችልም። ስለዚህ የዛሬው ቃል ስለ ጠባቂ የሚነገር ነው።

በግዕዝ ቋንቋ መጠበቅ «ዐቀበ» ይባላል፤ ጠባቂውም «ዐቃቢ» ነው። ዐቃቤ ሕግ፣ ዐቃቤ ሰዓት፣ ዐቃቤ ንዋይ የሚሉት የሹመት ስሞች ሁሉ ከዚህ ግስ የወጡ ናቸው። በአማርኛ ዳገቱ መንገድ ዐቀበት መባሉ ደግሞ በድምፅ ከዚሁ ቃል ጋር ስለሚገጥም፣ የቅኔ ተማሪ ሁለቱን አስተባብሮ ምሥጢር ሊያወጣባቸው ይችላል። ምሥጢሩም ሩቅ አይደለም። ጥበቃ ዳገት ነው፤ በመካከሉ ማረፊያ የለውም፤ የቆመ የመሰለው ሰው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ነቢዩ ሕዝቅኤልም ስለ ጕበኛ ባስተማረው ምሳሌ፣ ጕበኛ የሚጠየቀው ከተማው ስለ መዳኑ ወይም ስለ መጥፋቱ ሳይሆን፣ ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከቱን ስለ መንፋቱ እንደ ሆነ አስረድቷል። ይህ ምሳሌ ለዛሬው መታሰቢያ መለኪያ ይሁን።

ዛሬ ፖሊስ የሚባለው ሥራ በአዲስ አበባ ቀድሞ የሚታወቀው አራዳ ዘበኛ በሚለው ስም ነበር። አራዳ በመናገሻ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ገበያ ሲሆን፣ ገዢና ሻጭ፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ሌባና ባለ ገንዘብ የሚገናኙበት ቦታ ነበር። የፖሊስ ኃይል በነጋሪት ጋዜጣ በወጣ አዋጅ የተቋቋመው ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አስቀድሞ በወረራው ዋዜማ የአዲስ አበባ ዘበኞች አለቃ የነበሩት ባላምባራስ አበበ አረጋይ ነበሩ፤ ኋላ ራስ የተባሉት እርሳቸው ናቸው።

ራስ አበበ በ1895 ዓ.ም. በሸዋ ጅሩ ተወለዱ። በእናታቸው በኩል የታላቁ የጦር አበጋዝ የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ነበሩ። በኋላ ዘመን ሰዎች እርሳቸውን የሚያስቡት በአርበኝነታቸው፣ በራስነታቸውና በሚኒስትርነታቸው ነው። ነገር ግን ታሪካቸው ከሥሩ የሚገባው የዘበኛ አለቃ ከነበሩበት ቀን የጀመሩት ሰው ነው።

በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦር ከተፈታ በኋላ፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን አዲስ አበባን ለቀው በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ጠላት የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። በመካከሉ ባሉት ቀኖች ከተማው ባለቤት አልነበረውም። ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወታደርና ተስፋ የቈረጠው የከተማ ሰው መደብሩን ሰበረ፤ ቤት ተቃጠለ፤ ሰው ተገደለ፤ የውጭ አገር ሰዎችም በየሌጋሲዮኑ ግቢ ተጠለሉ። ለዘበኛ ከዚህ የከፋ ቀን የለም። የሾመው ንጉሥ ሄዷል፤ የሚጠብቀው ገበያ በእሳት ነው፤ የሚገባው ጠላት ደግሞ በአንድ ሌሊት ጥበቃ የሚመለስ አይደለም።

በእንደዚህ ያለ ቀን ለአንድ የዘበኛ አለቃ ሦስት መንገዶች ነበሩት። አንደኛው ልብሱን አውልቆ ከሕዝቡ ጋር መቀላቀል ነው። ሁለተኛው በከተማው በር ቆሞ መክፈቻውን ለገባው ጌታ ማስረከብ ነው፤ ለዚህም ምክንያት አይጠፋለትም፤ ሥርዓት እንዲጸና ብዬ ነው ሊል ይችላልና። ሦስተኛው ጠመንጃውን ይዞ መውጣት ነው። ባላምባራስ አበበ ሦስተኛውን መረጡ፤ ተከታዮቻቸውን ይዘው ወደ ገጠር ወጡ። ከተማውን ለቀቁ እንጂ ጥበቃውን አልለቀቁም። የተሾሙት ለግንቡና ለገበያው ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራቸው በዚያ ቀን ባለቀ ነበር፤ ሥራቸው ግን ለሰው ስለ ነበረ አላለቀም።

ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. በክረምቱ መካከል፣ አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ከየአቅጣጫው ገጠሙ። ደጃዝማች አበራ ካሣ፣ ደጃዝማች ባልቻ፣ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያምና ባላምባራስ አበበ በዚህ ውጊያ ነበሩበት። ወንዞች ሞልተው ነበር፤ አንዱ ወገን ከሌላው ጋር የሚነጋገርበት መሣሪያ አልነበረውም፤ ስለዚህ ነገሩ አልተሳካም። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስም በዚያው ሰሞን ተይዘው ሐምሌ 22 ቀን በጠላት ጥይት ሰማዕትነትን ተቀበሉ። የከተማው ዘበኛ ወደ ከተማው ለመመለስ የሞከሩበት ቀንና የመንጋው እረኛ የተገደሉበት ቀን እንደዚህ ተከታትለው የዋሉ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የመጣው መከራ ለሁሉ የታወቀ ነው። ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋ ወሰን በጠላት የምሕረት ቃል ታምነው ቢገቡ፣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በፍቼ ተገደሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የብዙ ሺህ ንጹሓን ደም ፈሰሰ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ተፈጁ። ባላምባራስ አበበም በጅሩ፣ በመንዝ፣ በመርሐ ቤቴና በዙሪያው ተዘዋውረው እየተዋጉ አምስቱን ዓመት አሳለፉ። በ1932 ዓ.ም. የኢጣሊያው ጄኔራል ናሲ በእርቅ ሊያስገባቸው ብዙ ደከመ። የፍቼን ነገር የሰማ ሰው እንዲህ ያለውን ቃል ማመን ይቸግረዋል፤ እርሳቸውም ንግግሩን እያራዘሙ ጊዜ ገዙበት እንጂ አልገቡም።

ይህ ነገር ለሀገረ ሕይወት ሰው እንግዳ አይደለም። ዛሬ በቀድሞ ስሟ አምቦ የምትባለው ይህች ከተማ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ በሆለታና በጊንጪ አልፎ የሚደርሰው ወደ እርስዋ ነበር። በሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የነበሩት ወጣቶች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ወደ ምዕራብ ሄደው በወለጋ የጥቁር አንበሳን ማኅበር ካቋቋሙት ወገን ነበሩ። በጅባትና ሜጫ ገና በ15 ዓመቱ የሸፈተው ጃገማ ኬሎም ከዚሁ ምድር የተነሣ ነው፤ ኋላ ሌተና ጄኔራል ሆነው በ2009 ዓ.ም. በታላቅ ዕድሜ አርፈዋል። ስለዚህ በሰሜን ሸዋ ተራራ የተነሣው እሳትና በዚህ አገር ጫካ የተነሣው እሳት የአንድ ቤት እሳት ነበር።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ጠላት በገባበት ቀን በአምስት ዓመቱ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በእንጦጦ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ራስ አበበ አርበኞቻቸውን አሰልፈው ተቀበሏቸው። ዘበኛው ከአምስት ዓመት በኋላ ከተማውን ለባለቤቱ አስረከበ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በጦር ሚኒስትርነት፣ በአገር ግዛት ሚኒስትርነትና በመከላከያ ሚኒስትርነት ሠሩ፤ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆኑ።

ስለ ሙታን ሲነገር እውነትን ማጉደል አይገባም። የቤተ ክርስቲያን ጸሎተ ፍትሐት የሚደረገው ሰው ሁሉ ምሕረት የሚያስፈልገው ስለ ሆነ ነውና። በ1935ና በ1936 ዓ.ም. በትግራይ ቀዳማይ ወያኔ የተባለው ዐመፅ ሲነሣ የመንግሥትን ጦር መርተው የዘመቱት ራስ አበበ ነበሩ። በዚያ ጦርነት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጥለዋል፤ በዚያም አገር ስማቸው የሚታሰበው እንደ ሸዋ አይደለም። የውጭ ጠላትን የመከተ ጠባቂ በወንድሙ ላይ ሲዘምት ሥራው ይከብዳል፤ ክብሩም ከኀዘን ጋር ይቀላቀላል። ይህን ሳይሸሽግ የሚያስብ መታሰቢያ ለሟቹም ለቆመውም ይጠቅማል።

የመጨረሻው ነገር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያሳዝናል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ፣ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መንግሥት ለመለወጥ ተነሡ። ያነሡት ምክንያት የሕዝቡ ድህነትና የአገሩ ወደ ኋላ መቅረት ነበር፤ ይህም ከንቱ ምክንያት ነው ተብሎ የሚጣል አይደለም። ሚኒስትሮችና መኳንንት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታሰሩ። የምድር ጦር ቤተ መንግሥቱን ከብቦ ሲገፋ ግን የታሰሩት በአንድ ክፍል ውስጥ በጥይት ተደበደቡ። ራስ አበበ አረጋይ፣ ልዑል ራስ ሥዩም መንገሻ፣ አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ፣ ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊና ሌሎችም በዚያ ሞቱ። ጄኔራል ሙሉጌታ ራሳቸው ቀድሞ ክቡር ዘበኛን ያዘዙ ሰው ነበሩ።

እዚህ ላይ ልብ የሚል ሰው አንድ ቃል ያገኛል። የራስ አበበ ሥራ የተጀመረው በዘበኛ ስም ነው፤ ሕይወታቸውም ያለፈው ዘበኛ በሚባል ሠራዊት እጅ ነው። አራዳ ዘበኛ እና ክቡር ዘበኛ! በአምስቱ ዓመት የጠላት ጥይት ያልነካቸውን ሰው የአገራቸው ጥይት አገኛቸው። የዚያን ጊዜው የፖሊስ ሠራዊት አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡም ከተነሡት ወገን ሆነው በዚያው ሰሞን በውጊያው ሞቱ። የቀድሞው የዘበኞች አለቃና የዘመኑ የፖሊስ አዛዥ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ከተማ፣ በሁለት ተቃራኒ ወገን ወደቁ። ጄኔራል መንግሥቱም በመጋቢት 1953 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጡ። የአንዱ ሚስት ስታለቅስ የሌላይቱ እንባ አልደረቀም ነበር።

ስለዚህ የጠባቂ ትልቁ ፈተና ከውጭ የሚመጣው ሌባ ወይም ጠላት ብቻ አይደለም። ጠባቂና ጠባቂ ሲለያዩ፣ እያንዳንዱም «የምጠብቀው እኔ ነኝ» ሲል፣ ቤቱ ሌባ ሳይገባበት ይፈርሳል። ጠመንጃ የተሰጠው ሰው ሁሉ ይህን ሊያስብ ይገባዋል። የታሰረ ሰው በጠባቂው እጅ ያለ አደራ ነው፤ ወዳጅም ቢሆን ጠላት፣ ትክክልም ቢሆን በደለኛ፣ እጁ ከታሰረበት ሰዓት ጀምሮ ሕይወቱ የያዘው ሰው ዕዳ ነው። በገነተ ልዑል የተጣሰው ይህ ሕግ ነበር። በደጃዝማች አበራ ካሣ ላይ በፍቼ ጠላት የጣሰውም ይኸው ነበር። ባዕድ ሲያደርገው ግፍ የተባለው ነገር ወንድም ሲያደርገው ሌላ ስም ሊሰጠው አይችልም።

ያ ቤተ መንግሥት ከዚያ በኋላ መኖሪያ አልሆነም። ንጉሠ ነገሥቱ ለትምህርት ስለ ሰጡት፣ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተበት፤ ዛሬም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ነው። ደም የፈሰሰበት ቦታ መጽሐፍ የሚነበብበት ቦታ ሆነ። ከዚህ የተሻለ ሐውልት በድንጋይ አይሠራም፤ የሚያነበው ተማሪ ግን ከእግሩ በታች ምን እንደ ሆነ ሊነገረው ይገባል።

ራስ አበበ ስማቸው በታሪክ ተጽፏል። ከእርሳቸው ጋር ከከተማው የወጡት ዘበኞች ግን አብዛኞቹ ስማቸው የተጻፈበት መጽሐፍ የለም። ከዚያም ወዲህ በየገበያው፣ በየመንገዱና በየጣቢያው ሌባ ሲከለክል፣ ተጣዪዎችን ሲያስታርቅ፣ እስረኛ ሲያደርስ የወደቀው ፖሊስ ብዙ ነው። ለእርሱ ለቅሶ የተቀመጠችው እናቱ፣ ሚስቱና ልጆቹ ብቻ ናቸው። ደብሩ የሙታንን ስም በቅዳሴ ሲያነሣ እነዚህንም ያንሣ። ዝክር የሚዘክር ሰው ከድግሱ አንድ እንጀራ ለእነዚህ የሙት ልጆች ያስቀር። መታሰቢያ በቃል ብቻ ከቀረ ነፋስ ይወስደዋልና።

ለቆሙትም ቃሉ አጭር ነው። ዳገቱ ገና አላለቀም። ከተማው የጠፋ በመሰለ ቀን ጥበቃውን አትልቀቁ፤ ወንድም በወንድም ላይ በተነሣ ቀን ደግሞ የታሰረውን አትንኩ።

እግዚአብሔር የሁሉንም ነፍስ ይማር፤ ደሙ በወንድሙ እጅ የፈሰሰውንም፣ ያፈሰሰውንም በምሕረቱ ይጐብኝ። ለዚህች ደብርና ለሀገረ ሕይወት ሕዝብ ሰላምን ያጽና። አሜን።