ስለ መበርገግና ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የቋንቋ ነገር የተማሪ ጉዳይ ብቻ ነው እንዳትሉን። ዛሬ የምናነሣው ቃል ከልጆቻችን የእንግሊዝኛ ትምህርት የመጣ ቢሆንም ነገሩ የየቤታችን ነው። ቃሉ «ዊንስ» ይባላል። ሰው ሲያመው ወይም ሊያመኝ ነው ብሎ ሲሰጋ ፊቱን አኮማትሮ ሽምቅቅ ማለቱን ያመለክታል።

ይህን «አፈገፈገ» ብለን ብንተረጉመው አይሆንም፤ የሚያፈገፍግ ሰው አስቦበት ነው። «ፈራ» ብንለውም ልክ አይመጣም፤ ጀግናም ቢሆን ቁስሉ ሲነካ ሽምቅቅ ይላል። የሚቀርበው «በረገገ» ነው፤ ሰውነት ልብን ሳያማክር የሚያደርገው ነውና።

እስቲ የቃሉን ዘር እንመልከት። ኖርማኖች በ1066 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ብዙ የፈረንሳይኛ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ ገቡ። ዊንስም በዚሁ በር የገባ ነው። የፈረንሳይኛው ሥር «ዘወር አለ፣ ሸሸት አለ» እንደ ማለት ሲሆን፣ እርሱም ከጥንት ጀርመናውያን ነገዶች ቋንቋ የተወሰደ ነው። ዓይን መጥቀስ ማለት የሆነው «ዊንክ» ዘመዱ ነው። የሚገርመው ግን ዊንስ በእንግሊዝኛ መጀመሪያ ይነገር የነበረው ስለ መራገጥ ነው፤ ፈረስ ሲያመው ወይም ሲሰለቸው እንደሚራገጠው ማለት ነው። ሼክስፒር በ1600 (እ.ኤ.አ.) ግድም በጻፈው፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ወደ አማርኛ በመለሰው «ሐምሌት» ውስጥ በእንግሊዝኛው ቃሉ የተነሣው ስለ ገጣባ ፈረስ ነው። ለሰው ሽምቅቅታ መዋሉ እየቆየ የመጣ ነው።

እኛም ብንሆን «በረገገ»፣ «ደነበረ» የምንለው ለበቅሎም ለሰውም ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ተረታችንም የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ ሰውየው ልጡን የሸሸው ሞኝ ሆኖ ሳይሆን እባቡን ስላየ ነው።

በጋዝጊብላ ዳገትና ቁልቁለት በቅሎ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ስትነካ የምትራገጥ በቅሎ ሁልጊዜ ክፉ ሆና አይደለም፤ ከኮርቻው ሥር ተገጥባ ይሆናል። አዋቂ ነጂ አለንጋ ከማንሣቱ በፊት ጭነቱን አውርዶ ጀርባዋን ያያል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አመጣነው? በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በዋግ ኽምራ አልፏል። በር ሲላተም፣ ቆርቆሮ ሲንኳኳ የሚበረግጉ ልጆችም አዋቂዎችም ዛሬም በመካከላችን አሉ። «ፈሪ» እያለ የሚያሾፍባቸው አይጠፋም፤ ይባስ ብሎ ለሣቅ ሲል ሆን ብሎ የሚያስደነብራቸውም አለ። ሌላም አለ፤ አባቱ ቆብ ሊያወርድ እጁን ሲያነሣ ፊቱን በክንዱ የሚከልል ልጅ። ይህኛው ጦርነት ያመጣው ነው ማለት አንችልም። የቤታችን ነው።

ስለሆነም ለነዋሪው የምናሳስበው ይህን ነው። የሚበረግግ ሰው ስናይ አንሣቅ፤ ምን እንደነካው በእርጋታ እንጠይቀው። ከኋላው ድንገት አንድረስበት፤ ከሩቅ ድምፃችንን እናሰማው። እንቅልፍ አጥቶ፣ ከሰው ርቆ የሚውል ከሆነ ደግሞ ቤተ ሰቡ ወደ ጤና ጣቢያ ይዞት እንዲሄድ እንምከር። ልጅን የምናርም ወላጆችም በትሩን ትተን በቃል እናርም።

በመጨረሻም ኽምጣኛ ለምትናገሩ አባቶችና እናቶች ልመና አለን። በቋንቋችሁ የበቅሎን መበርገግና የሰውን መሸማቀቅ የምትገልጹባቸውን ቃላት ንገሩንና ከዚህ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋቸው፤ ልጆቻችን ከእንግሊዝኛው ጎን ይማሯቸዋል።