ጣትና ጆሮ



የምሠራው ጨፋ ሮቢት ነው። ተረኛ ባልሆንኩበት ማታ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ፤ አንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉት ብረቶች የሌሉትን ዓይነት። «ዶክተር፣ ብረቶቹ የታሉ?» የሚሉኝ አሉ። ማሲንቆ ላይስ ብረት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አዝማሪ የጭራውን ክር ከአንገቱ ጋር አያጣብቅም፤ በጣቱ ነካ እያደረገ ድምፁን ያንሸራትታል። ቤዙም ላይ ጣቴን በክሩ ርዝመት ወዲህ ወዲያ ሳወዛውዝ ድምፁ ይርገበገባል፣ ሳንሸራትት ያንጎራጉራል። ጃኮ ፓስቶሪየስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው አልበም ይህን አጨዋወት ለዓለም አሰምቷል። እኔ የምለማመደው በባቲ ቅኝት ነው፤ በስሟ የተጠራችው ባቲም እዚሁ ዞናችን ውስጥ ናት።

ጣት ጥቂት ዝንፍ ካለች ድምፁ ይበላሻል። የሚያርመው ጆሮ ብቻ ነው። መብራት በጠፋ ሌሊት የእናት ሆድ ዳብሼ የፅንሱን የልብ ምት በፌቶስኮፕ ስፈልግም ያለኝ ይኸው ጣትና ጆሮ ነው።

ክቡራን መምህራን፣ እኛን እንዳስተማራችሁን ለተተኪዎቻችንም ከማሽኑ በፊት ጣታቸውንና ጆሯቸውን ግሩልን።