ፕሮፌሰር አሥራት፦ አስቀድሞ ሐኪም ነበሩ

(በሮብ ገበያ ለጤና ባለሙያዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ስለ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ተናገር ስትሉኝ ብዙዎቻችሁ ስለ መዐሕድ ብቻ የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። እሱም ይመጣል። እኔ ግን የጤና ሰው ነኝና አስቀድሜ የማነሣው ሐኪሙን ነው። ጥርሱን ሲጠዘጥዘው ያደረ ገበሬ ጉጠት የያዘውን ሰው «የየትኛው ድርጅት አባል ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። «ቶሎ ገላግለኝ!» ነው የሚለው። የሐኪም ክብሩ እዚህ ላይ ነው።

ፕሮፌሰር አሥራት በ1920 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ፣ በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች አባታቸውን ገደሉባቸው። ከነጻነት በኋላ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ከዚያም በግብፅ ቪክቶሪያ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠኑ። አገራቸው ገብተው ካገለገሉ በኋላ እንደገና ኤዲንብራ ሄደው ቀዶ ሕክምናን ተማሩ። እዚያው ቢቀሩ ማን ይይዛቸው ነበር? ተመለሱ እንጂ!

የተመለሱት ቢላ ለመያዝ ብቻ አልነበረም። ሐኪም ለማፍራት ልጆቻችንን ባሕር ማሻገር የግድ የነበረበት ጊዜ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የሕክምና ፋኩልቲ ካቋቋሙትና ከመሩት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። አንድ ሐኪም በቀን የሚያክመው ሰው ቁጥሩ የታወቀ ነው። ያስተማራቸው የሚያክሙትን ግን ማን ቆጥሮ ይዘልቀዋል? ከሮብ ገበያ በቃሬዛ ወጥቶ ሞጣ ወይም ቢቸና የደረሰ በሽተኛ፣ አሥራትን በዓይኑ ባያያቸውም፣ አገር ውስጥ ሐኪም የማፍራቱ ሥራ ተጠቃሚ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. የሞቱት ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ ችግር ነው ብሎ በራዲዮ አስነገረ። ሐኪማቸው የነበሩት አሥራት ግን ቀዶ ሕክምናው እንዲህ ያለ ችግር አላስከተለም በማለት የመንግሥቱን ቃል አልተቀበሉም። ሐኪም ያየውን ይናገራል፤ ባለ ሥልጣን ያዘዘውን አይደለም።

በሰኔ 1983 ዓ.ም. ጉባኤም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ዩኒቨርሲቲውን ወክለው ገብተው፣ አዳራሹ ሲያጨበጭብ እሳቸው የኤርትራን መገንጠል ተቃወሙ። በ1984 ዓ.ም. መዐሕድን መሠረቱ። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ ከሆኑ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ጋር ከሥራ ተባረሩ። በ1986 ዓ.ም. ታሰሩ፤ ዓመፅ አነሣሥተዋል ተብለው ተፈረደባቸው፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ግን የኅሊና እስረኛ አላቸው። ከ4 ዓመት በላይ በእስር ቆይተው፣ ልባቸው ከተጎዳ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ለሕክምና ውጭ አገር እንዲሄዱ ተለቀቁ። ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ ፊላዴልፊያ አረፉ።

እስቲ ፍረዱ! አገር ሐኪም እንድታፈራ የደከመ ሰው፣ ሲታመም ባሕር ማዶ ሄዶ ይሙት?

በፖለቲካቸው የማይስማማ ሰው ይኖራል፤ መብቱ ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። አስተማሪውን ከክፍሉ፣ ሐኪሙን ከበሽተኛው ስትነጥለው የተቀጣው ማን ነው? እሱ ብቻ ነው? ተራ ይዞ የሚጠብቀው በሽተኛስ? ዛሬ ወጣት ሐኪሞች አገር ጥለው ሲወጡ «ገንዘብ ወደዱ» ብለን ከመፍረዳችን በፊት፣ ያየነውን ብንናገር ምን ያገኘናል ብለው እንደሚያስቡ እንወቅ።

ዛሬ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓሱ በስማቸው ይጠራል። መልካም ነው። ግን በሞተ ሐኪም ስም ግቢ እየሰየሙ በሕይወት ያለውን ማሳደድ ምን ይሉታል? እናንተ የጤና ባልደረቦቼ፣ በሽተኛውን ከየት መጣህ ሳትሉ አክሙ፤ ያያችሁትን ሳትፈሩ መዝግቡ። እናንተ ወላጆች ደግሞ እውነት የተናገረ ሐኪም ሲነካ ዝም አትበሉ። ነገ ቃሬዛው የሚቆመው እናንተው ደጅ ነው።