ከአሮጌዎቹ ጠመንጃዎች የቱን እንመርጣለን?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ከሁሉ አስቀድመን ካለፈው ዓመት ስብሰባ ለዛሬው በሰላም ያደረሰንን አምላክ እናመሰግናለን። በዓመቱ ውስጥ ከመካከላችን የተለዩትንም ነፍሳቸውን ይማር እንላለን።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና እኛ ሦስት ሰዎች ዛሬ ስለ አሮጌ ጠመንጃ እንድንናገር የታዘዝንበትን ምክንያት እናስታውሳችሁ። አምና ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ሳለ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የእኛው ልጅ አንድ ወሬ አጫወተን። በውጭ አገር በአየር ግፊት የሚተኩሱ የድሮ ሽጉጦችን የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ አለን። ሽጉጧ ባሩድ የላትም፤ በውስጧ የታመቀው አየር ትንሿን እርሳስ ገፍቶ ያወጣታል። በኦሎምፒክም ከ1988 እ.ኤ.አ. የሴኡል ጨዋታ ጀምሮ በ10 ሜትር ርቀት ይወዳደሩባታል። እነዚያ ሰዎች ሲገናኙ «አንተ ከሁሉ የትኛዋን ትወዳለህ?» እየተባባሉ ይውላሉ አለ።

ልጁ ተናግሮ ሳይጨርስ ከወዲያኛው ጥግ «ከምንሽር ወዲያ ላሣር!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከወዲህኛው ጥግ ደግሞ «ውጅግራ እያለች?» ተባለ። ምን አለፋችሁ፣ ክርክሩ ጦፎ ሐዘንተኛው ተረሳ። በመጨረሻ ዳኛችን ተነሥተው «እናንተ ሰዎች፣ የመጣነው ለለቅሶ ነው ወይስ ለግምጃ ቤት ቆጠራ? በሉ ነገሩ ተጣርቶ ለጠቅላላ ስብሰባ ይቅረብ» ብለው ዘጉት። እንግዲህ ያንን ልናቀርብ ነው የቆምነው።

በመጀመሪያ ቤት ለቤት እየዞርን አባቶችንና እናቶችን ጠየቅን። በእኛ በጓሳ ዙሪያ ብርዱና ጉሙ ብረትን ቶሎ ያዝጋል። ስለዚህ ጠመንጃ የነበረው ሰው ከምሰሶው ወይም ከግድግዳው ቀንድ ላይ ሰቅሎ፣ ቅባት ቀብቶ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ በባና ጠቅልሎ እንደሚያኖራት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንዳንዱ ቤት ጠመንጃዋ ሳትኖር ቀንዱ ብቻ ቀርቷል። እስቲ ከአሮጌዎቹ ስማቸው ሲነሣ የሰማነውን ሦስቱን በየተራ እንያቸው።

የመጀመሪያይቱ ሰናድር ናት። ስሟ የመጣው ከአሜሪካዊው ከያዕቆብ ስናይደር ነው። ይህ ሰው ከአፈሙዝ በኩል ትጎርስ የነበረችውን የእንግሊዞች ጠመንጃ ከኋላዋ ቆርጦ በጎን የሚከፈት መዝጊያ አበጀላት። እንግሊዞችም በ1866 እ.ኤ.አ. ለሠራዊታቸው ተቀበሏት። በጦር ሜዳ ከተፈተነችባቸው የመጀመሪያዎቹ ዘመቻዎች አንዱ በእኛው አገር የተደረገው የ1860 ዓ.ም. የመቅደላ ዘመቻ ነው። ጥይቷ የአፍዋ ስፋት ወደ 15 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ወፍራም እርሳስ ነው። ሰናድርን የሚወዱ ሰዎች የሚያነሡት ድምፅዋን ነው። ይሁን እንጂ ከባድ ናት፣ ትከሻም ትመታለች። ጥይቷንም ከየት ይመጣል?

ሁለተኛይቱ ውጅግራ ናት። ፈረንሳዮች ጠመንጃን «ፊዚ» ይሉታል፤ «ግራ» ደግሞ የሠራት መኮንን ስም ነው። «ፊዚ ግራ» በእኛ አፍ ውጅግራ ሆነች ማለት ነው። የወጣችው በ1874 እ.ኤ.አ. ነው። ከእርሷ በፊት የፈረንሳይ ጠመንጃ የሚጎርሰው በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ሲሆን፣ ይህ እርጥበት አይችልም ነበር። ውጅግራ ግን የናስ ቀለህ ስላላት ዝናብና ጉም አይበግራትም። የአፍዋ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር፣ የእርሳሷ ክብደት 25 ግራም ያህል ነው። የምትጎርሰው አንድ ብቻ ነው። መዝጊያዋን ወደ ኋላ ስበህ ታጎርሳለህ፣ ትዘጋለህ፣ ትተኩሳለህ፤ ከዚያ እንደገና ነው። ባሩዷ ጥቁር ስለሆነ ከተኮሰች በኋላ ጭሱ ፊትህን ይጋርድሃል፤ ማታም አፈሙዟን በሙቅ ውኃ ካላጠብካት ጥላሸቱ ይበላታል። ታዲያ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በወገን እጅ በብዛት ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዷ ይህችው ነች።

ሦስተኛይቱ ምንሽር ናት። ይህም የኦስትሪያዊው መሐንዲስ የማንሊኸር ስም ነው። ምንሽር ከቀደሙት የምትለይበት ነገር አምስት ጥይት በአንድ ማቀፊያ አንድ ላይ መጉረሷ ነው። በኋላ የወጡት ደግሞ ጭስ በሌለው ባሩድ የሚሠሩ ሆኑ። ይኸውም ተኳሹ የት እንዳለ በጭሱ አይታወቅበትም ማለት ነው። ጭስ የሌለውን ባሩድ በመጀመሪያ ለሠራዊት ጠመንጃ ያዋሉት ፈረንሳዮች ሲሆኑ፣ ዓመቱም 1886 እ.ኤ.አ. ነበር። ለመዋጋት ከሆነ ከምንሽር ወዲያ ላሣር ያሉት ሰው እውነታቸውን ነው፤ አንከራከራቸውም።

እነዚህ ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸውና አመጣጣቸውም ቀላል አልነበረም። በዚሁ በእኛ በሸዋ በ1879 ዓ.ም. አርተር ራምቦ የተባለው የፈረንሳይ ባለቅኔ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ አንኮበር ደረሰ። ከዚያም ወደ እንጦጦ ወጣ። የያዘው ጊዜ ያለፈበት አሮጌ ጠመንጃ ነበርና ንጉሥ ምኒልክ በዋጋው አላሞኙለትም። ባለቅኔው ያሰበውን ትርፍ ሳያገኝ እያማረረ ተመለሰ። ከዚህ የምንረዳው አባቶቻችን ጠመንጃ መርጦ መግዛትን ከጥንት ያውቁበት እንደነበረ ነው። ጥይትም ቢሆን ውድ ነገር ስለነበረ በገበያ እንደ ገንዘብ ሲመነዘርበት ኖሯል። ቀለሁ አይጣልም፤ ተለቅሞ እንደገና ባሩድና እርሳስ ይሞላበት ነበር።

እንግዲህ ምርጫችንን ከመናገራችን በፊት በአንድ ቤት ያጋጠመንን እንንገራችሁ። አንዲት የእድራችን አባል የሆኑ እናት ዘንድ ሄድን። የባለቤታቸው ውጅግራ እስከ ዛሬ ተሰቅላለች። የልጅ ልጃቸው ገዥ አግኝቻለሁና ትሸጥ ይላል። «እማማ፣ እርስዎ የሚወዱት የትኛውን ጠመንጃ ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም «ልጆቼ፣ እኔ የጠመንጃ ዓይነት አላውቅም። እኔ የማውቀው ሰውየው ከገበያ ሲመለስ ሰደፏ ከበሩ መቃን ጋር ስትጋጭ ነው። እሷን ስሰማ ወጡን አወጣ ነበር» አሉን። መቃኑን አየነው፤ ሰደፏ የመታው ቦታ ጎድጉዷል። ልጁም ከእኛ ጋር ቆሞ ሲሰማ ነበርና አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲህ ትሸጥ ማለቱን ትቷል ብለውናል።

ይህን ከሰማን በኋላ ነገሩ ለእኛ ግልጽ ሆነልን። ክርክራችን የቱ ይበልጥ ይገድላል የሚል መሆን የለበትም። ዛሬ እነዚህን ጠመንጃዎች ይዞ የሚዋጋ የለም። የቀራቸው ሥራ አንድ ነው፤ ባለቤታቸው ሲሞት ለቅሶ ላይ መውጣት። ስለዚህ የሚመረጠው ለዚህ ሥራ የሚሆነው ነው። ምርጫችንም ውጅግራ ሆናለች። አንደኛ፣ ታሪኳ ከአድዋ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለተኛ፣ ረጅም ስለሆነች ሐዘንተኛ ዘቅዝቆ ሲይዛት ከሩቅ ትታያለች። ሦስተኛ፣ አንድ ጎራሽ ናት፤ መዝጊያዋ ሲሳብ ባዶ መሆኗ ለማንም ሰው በዓይን ይታያል።

ይህችን ሦስተኛይቱን ምክንያት ልብ በሉልን፤ የመጣንበት ዋናው ጉዳይ እርሷ ናትና።

እስቲ ቀና ብላችሁ ይህን የተቀመጥንበትን ድንኳን ተመልከቱ። ከመካከለኛው ምሰሶ ወደ ግራ፣ በቀይ ክር የተጣፈ ቦታ አለ። ብዙዎቻችሁ አይጥ የበላው ይመስላችኋል። አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ለቅሶ ማግስት ድንኳኑን ስናጣጥፍ ያገኘነው የጥይት ቀዳዳ ነው። ከሥሩ ምንጣፉ ላይ እርሳሱ ተሰክቶ ነበር። በዚያ ቦታ ሲውሉ የነበሩት እናቶች ናቸው። ጥይቷ የወደቀችው ለምሳ ወጣ ባሉበት ሰዓት ይሁን በሌላ ሰዓት እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። ያን ጊዜ ሰው እንዳይደናገጥ ብለን ዝም አልን። ዝም ማለታችን ጥፋት ነበርና ዛሬ ይቅርታ እንጠይቃለን።

«ወደ ሰማይ የተተኮሰ ማንን ይነካል?» የሚሉ አሉ። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ሰማይ አይቀርም። ኃይሉ ሲያልቅ ይመለሳል፤ ሲመለስም የሰውን ራስ ለመብሳት የሚበቃ ፍጥነት አለው። ተኳሹ ትንሽ ዘንበል አድርጎ ከተኮሰ ደግሞ ከ1 ኪሎ ሜትር አልፎ ከማያየው ሰው ላይ ያርፋል። ዛሬ ደግሞ ወጣቶች ይዘውት የሚመጡት በአንድ ሳብታ ብዙ የሚተፋ ነው።

አሮጌይቱም ብትሆን ትጎዳለች። አንድ የሰፈራችን ልጅ በአያቱ ቀብር ቀን በአሮጌ ቀለህ ራሱ ባሩድ ሞልቶ ሲተኩስ መዝጊያው ተፈንቅሎ ሁለት ጣቶቹን አጥቷል። እናቱ የአባቷን ለቅሶ ትታ የልጇን ማልቀስ ጀመረች። ያን ጊዜ እድራችን ምን እንዳደረገ ታስታውሳላችሁ። መተዳደሪያ ደንባችን ስለ ሞተ እንጂ ስለ ቆሰለ አይናገርም ተብሎ ግማሽ ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ መዋጮ ተሰብስቦ ታከመ፤ ጣቶቹ ግን አልተመለሱም። እድር የተቋቋመው አንዱን ቀብሮ የቀሩትን ለማጽናናት ነው። በአንድ ለቅሶ ላይ ሌላ ለቅሶ መጨመር ከተቋቋመበት ዓላማ ጋር አይሄድም።

በዚህ ነገር የማይስማሙ አባቶች እንዳሉ እናውቃለን። አንዱ አባት «የአርበኛ ልጅ ሳይተኮስለት እንደ ድመት ይቀበር?» ብለውናል። አባባላቸውን በንቀት አናየውም። አባታቸው ከማይጨው፣ ማለትም ከመጋቢት 1928 ዓ.ም. በኋላ ጠመንጃውን ሳያስረክብ ወደ ዱር የገባ፣ በራስ አበበ አረጋይ ሥር ሆኖ የታገለ ሰው ነበር። እኛም መልሰን «አባታችን፣ ያን ጊዜ ጥይት እንዴት ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። «ኧረ ጥይትማ የት አለ! ከጠላት ካልተማረከ አይገኝም። አባቴ ዝናሩን ሳይቆጥር አያድርም ነበር» አሉ። ከዚያ ራሳቸው ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እውነት ነው፣ በከንቱ የሚተኩሰውን ሰው አባቴ አይወደውም ነበር» አሉን። እስካሁን አልተስማሙልንም፤ ነገር ግን በስብሰባው እንድንናገረው ፈቅደውልናል።

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ ለውሳኔ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የሟች ጠመንጃ ለቅሶ ላይ ይውጣ፤ አይከልከል። ነገር ግን ባዶ ሆኖ፣ አፈሙዙ ወደ መሬት ተዘቅዝቆ ይያዝ። መዘቅዘቅ የቆየ የሐዘን ምልክታችን ነው፤ አዲስ ነገር አላመጣንም።

ሁለተኛ፣ ወደ ለቅሶው ከመግባቱ በፊት ከአባላት የሚመረጡ ሁለት ሰዎች መዝጊያውን አስከፍተው ይዩት። የዳኛ ልጅም ቢሆን ይታይ።

ሦስተኛ፣ በለቅሶ ላይ ተኩስ ይቅር። ሞትን የሚነግር ጡሩምባ አለን፤ የሟችን ጀግንነት የሚናገሩ አልቃሾችና ፎካሪዎች አሉን። የሰው ታሪክ ከባሩድ ድምፅ ይልቅ በሰው አፍ ሲነገር ይቆያል።

አራተኛ፣ በእድሩ መዝገብ ላይ አንድ ገጽ ይከፈት። በየቤቱ ያለችው ጠመንጃ ዓይነቷ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደያዛት፣ ከየት እንደመጣች፣ የት እንደዋለች ይጻፍባት። የተሸጠችም ብትሆን ትጻፍ። የሚያውቁት ሰዎች እያለፉብን ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ማሳሰቢያ አለን። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። «አሮጌ ናት፣ አትተኩስም» ብለን ከመዘናጋት ቀርቦ ጠይቆ ሕጋዊ ማድረግ ይሻላል። ታሪክ ያላት ጠመንጃ በሕግ እጦት ከቤት ስትወጣ ማየት አንፈልግም።

ሰብሳቢ ሆይ፣ የተሰጠንን ሥራ በዚህ እንጨርሳለን። ከአሮጌዎቹ የቱን እንመርጣለን ለተባለው መልሳችን ውጅግራን ነው፤ እርሷንም ባዶዋን። ምንሽርን የሚመርጡ አባት ምርጫቸውን አንነፍጋቸውም፤ አምስቱንም ጥይት እቤት ትተው ይምጡ እንጂ።

ውሳኔው የእናንተ ነው። እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ግን አንድ ጊዜ ቀና ብላችሁ ያንን ቀይ ክር እዩት።