አንድ ግስ፣ ብዙ ትርጉም

ዛሬ ‘ፑት’ የምትለዋን የእንግሊዝኛ ግስ እናያለን። ብቻዋን ስትሆን ማስቀመጥ ማለት ናት። ‘ኦን’ ስትከተላት ልብስ መልበስ፣ ‘ኦፍ’ ስትከተላት ቀጠሮ ማስተላለፍ፣ ‘አፕ ዊዝ’ ሲከተሏት ደግሞ ችሎ መኖር ትሆናለች።

ከመሥሪያ ቤት ደውለው ስብሰባው ‘ፑት ኦፍ’ ተደርጓል ቢሉዎት፣ አልቀረም፤ ለሌላ ቀን ተላልፏል። ቢሰረዝማ ‘ኮልድ ኦፍ’ ይሉዎት ነበር።

አንድ ጥንቃቄ፦ ስብሰባውን በ‘ኢት’ ሲተኩት መሃል ይገባል፤ ‘ፑት ኢት ኦፍ’ እንጂ ‘ፑት ኦፍ ኢት’ አይባልም። ‘ፑት አፕ ዊዝ’ ግን አይነጣጠልም፤ ‘ኢት’ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ስለዚህ ግሱን ለብቻው አይሸምድዱ፤ ከነተከታዩ፣ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ይያዙት። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ‘ጌት’ን ይዘን እንመለሳለን።